የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ

እትዬ እናናየሁን በደንብ አላውቃቸውም። ደብረ ብርሃን ውስጥ አጥር ለአጥር ተጎራብተን ሦስት ዓመት ኖረናል፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ እሳት እንጫጫራለን፣ ከዚያ ያለፈ ግን የለንም። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከእኔ የሚሻል ሰው ነበር። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ወርቅአገኘሁ ከነገሩ መነሻ እስከ መጨረሻው ድረስ እዚያው ነበር። ጻፈው ስለው፣ "እኔ ከቁጥር በቀር የጻፍኩት ነገር የለም፤ አንተ ሁለተኛ ደረጃ ተምረሃል አይደል?" ብሎ ወደ እኔ ገፋው። ስለዚህ ግማሹን ከእሱ፣ ግማሹን ከራሳቸው ከእትዬ እናናየሁ እንደሰማሁት አቀርበዋለሁ። የጎደለው ነገር ካለ የጎደለው በእኔ ነው።

እትዬ እናናየሁ ሱፍ ፈታይ ናቸው። ከጣርማ በር የሚመጣውን የበግ ጠጉር ይገዛሉ፣ ያጥባሉ፣ ያፍታታሉ፣ ይፈትላሉ፤ ፈትሉን ባና እና በርኖስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። የተወለዱት ለሚ ነው። ባላቸው የሞቱት ልጃቸው ብርሃነ መስቀል ገና ጥርሱን ሳይነቅል ነበር። ሌላ ልጅ አልወለዱም፣ ሌላ ባልም አላገቡም። የቀራቸው ዘመድ አንኮበር የሚያገለግሉት ታላቅ ወንድማቸው ቄስ ወልደአረጋይ ብቻ ነበሩ።

ብርሃነ መስቀል ጎልማሳ ሲሆን በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጥሮ ወጣ። ጣርማ በርን አለፈ፣ ደሴን አለፈ፣ መጨረሻ አስመራ ገብቶ ከአንድ ጋራዥ መካኒክ ሆነ። ወሬው በሾፌሮች አፍ ይመጣል፤ ደኅና ነው፣ ወፍሯል፣ ጣሊያንኛ ይናገራል ይሏቸዋል። አንድ ጊዜ ለመስቀል መጥቶ ነበር። ስንት ቀን እንደፈጀበት ጠይቀውት ነግሯቸዋል፣ ግን አልያዙትም። "ከጣርማ በር ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ አስመራ ነው" አሉኝ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ማሳውን በሚያነጣበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ቀን ከአስመራ ስልክ ተደወለ። የደወለው ገብረአብ የሚባል የብርሃነ መስቀል የሥራ ጓደኛ ነበር። መልእክቱ በአዲስ አበባ በኩል ተቀባብሎ ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ደረሰ፤ ብርሃነ መስቀል መኪና ወድቆበት ተጎድቷል፣ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እናቱ በአውሮፕላን ትምጣ የሚል ነበር።

የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ወደ እናትየው አልሄደም። እንደ ደንቡ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ገብረ ጻድቅ ሄደ።

በእኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። መጀመሪያ የቅርብ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ተሄዶ በር ይንኳኳል፣ መርዶው ይነገራል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሞተው ሰው ለሐዘንተኛው በሽተኛ ነው። ጎረቤታችን ደመቀች አባቷ ደነባ ላይ የሞቱ ጊዜ ጉንፋን ይዟቸዋል ተብላ ነበር የተጠራችው። ለጉንፋኑ ብላ ማር ገዝታ ተሳፈረች። መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማሩን በጉልበቷ አቅፋ የተቀመጠችው እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ድንኳኑን ከሩቅ ስታይ ነው ማሰሮው ከእጇ የወደቀው። ይህን የሰማ ሁሉ ዘመዶቿን አመሰገነ፤ ለብቻዋ ሳያስደነግጧት፣ ደግፈው ይዘው አደረሷት ተባለ።

እንግዲህ ያን ሐሙስ አቶ ገብረ ጻድቅ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ወርቅአገኘሁም የዕድሩ ጸሐፊ ነበርና ተጠራ።

"ተጎድቷል ነው ያሉት?" አሉ አንዱ።

"ተጎድቷል ነው ያሉት" አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ።

"አዬ! ታዲያ ምን ቀረ? አልቋል በለኛ።"

ወርቅአገኘሁ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ "ጋሼ፣ በእውነት የተጎዳ ሰውም እኮ ይኖራል" አለ።

"በአውሮፕላን ትምጣ ብለው?" አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ። "ለቁስለኛ በአውሮፕላን ይጠራል? ማን ሆነና ነው፣ የመኳንንት ልጅ ነው? ቀብሩ እንዳያመልጣት ነው እንጂ!"

"አውሮፕላን ለመኳንንት ብቻ አይደለም ጋሼ። ነጋዴም ወታደርም ይሄድበታል። ከአዲስ አበባ አስመራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እትዬ እናናየሁ ነገ ከእኔ ጋር ቢሳፈሩ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ልጃቸውን ያዩታል።"

ሰዎቹ ሳቁ። መርዶ የሚመከርበት ቤት መሆኑን ረስተው ሳቁ።

"ስማ" አሉት አንዱ፣ "አሁን ደግሞ የሰማዩንም ትኬት መቁረጥ ጀመርክ?"

"ያቺ የአንተ መኪና አዲስ አበባ ለመድረስ ግማሽ ቀን ትፈጃለች፤ እሱም ጎማዋ ካልፈነዳ። አስመራን ሁለት ሰዓት ተኩል ትለናለህ!"

"ተሳፋሪ ነው የነገረኝ። አዲስ አበባ የበላው ቁርስ ሳይፈጭለት አስመራ ወረደ።"

"እሱ ሰውዬ የበላው ሥጋ ነበራ!"

እንደገና ተሳቀ። አቶ ገብረ ጻድቅ ግን አልሳቁም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወርቅአገኘሁም ይህንን ደጋግሞ ነው የነገረኝ። "እሺ እንላካት" አሉ። "ብቻዋን ሄዳ ሬሳ ላይ ብትደርስስ? ቋንቋው የሰው፣ አገሩ የሰው፣ ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዛት የለ። እኔ ይህን በነፍሴ አልሸከምም። ወንድሟ ይምጡና እሳቸው የሚሉት ይሁን።"

በበቅሎ ሰው ወደ አንኮበር ተላከ። እዚያ ለመውረድ አንድ ቀን፣ ቄሱን ይዞ ዳገቱን ለመውጣት ሌላ ቀን ነው።

በመካከሉ ቅዳሜ መጣ፤ እትዬ እናናየሁ እንደ ልማዳቸው ፈትላቸውን ተሸክመው ገበያ ወጡ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። የዚያን ቀን ገበያ ራሳቸው እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦

"ማንም አልተከራከረኝም። ያ ክፉ ሸማኔ እንኳ፣ ሁልጊዜ ቀጭን ነው ወፍራም ነው እያለ የሚያንገላታኝ፣ ያልኩትን ሰጥቶኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ። ደመቀች መጥታ ያለ ምክንያት ሳመችኝ። እኔ ሞኟ ፈትሌ ያማረ መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ገባሁ።"

ቄስ ወልደአረጋይ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደረሱ። በእህታቸው ደጅ ሳያልፉ በጓሮ በኩል አቶ ገብረ ጻድቅ ቤት ገቡ። ነገሩን ሰምተው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። ብርሃነ መስቀልን ክርስትና ሲነሣ ያቀፉት፣ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

ወርቅአገኘሁ አሁንም አላረፈም። "አባቴ፣ መርዶ ከመነገሩ በፊት አንድ ጊዜ ደውለን እንጠይቅ" አለ።

"ምን ብለን ልጄ?" አሉ ቄሱ። "ሞቷል ወይ ብለን? ቢሞት በስልክ ይነግሩናል? አንተ ብትሆን ትናገራለህ?"

ወርቅአገኘሁ አልናገርም እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።

"አየህ። መልሰው ያንኑ ነው የሚሉን፤ ታሟል፣ ትምጣ። እኔ በሕይወቴ ስንት ሰው አርድቻለሁ። አንዱም ቀድሞ ሞቷል አልተባለም።"

ወርቅአገኘሁ እስከ ዛሬ ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም ይላል። እኔም ሳስበው አላገኘሁም።

ማግሥቱ እሑድ ስለሆነ በሰንበት ለቅሶ አይጀመርም ተብሎ አንድ ቀን ታለፈ። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው እትዬ እናናየሁ ደጅ ቆሙ። በሩን ያንኳኩት ቄስ ወልደአረጋይ ናቸው። እትዬ እናናየሁ ከፍተው የወንድማቸውን ፊት፣ ከኋላቸው ደግሞ የቆመውን ሰው አዩ። ማንም ቃል አላወጣም። ማውጣትም አላስፈለገም፤ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ያልገባው ሰው የለም። ልጃቸው አንድ ነው፤ ማን ሞተ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

ፊታቸውን ነጩ። ጠጉራቸውን ተላጩ። ጥቁር ለበሱ። ድንኳን ተተከለ። ቄስ ወልደአረጋይ በዚያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለእህታቸው ልጅ ለነፍሱ ፍትሐት አደረሱ፤ ስሙን ከሙታን ስም ጋር ጠርተው ዕጣን አጠኑ።

ሦስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሰልስት ሊወጣ ሰው ድንኳን ሞልቶ ሳለ የስልክ ቤቱ ሠራተኛ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ አልገባም። ከውጭ ቆሞ ወርቅአገኘሁን በእጁ ጠራው።

"ገብረአብ የሚባለው ሰውዬ ደውሎ ይሳደባል" አለው።

"ምን ብሎ?"

"ምን ዓይነት እናት ናት ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ልጇ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቱን እያቃና ያያል፤ ዛሬስ ትመጣለች ወይ እያለ ይጠይቃል፤ ምን ሆና ቀረች ይላል።"

ወርቅአገኘሁ ገብቶ ለአቶ ገብረ ጻድቅ በጆሯቸው ነገራቸው። እሳቸው ለቄሱ ነገሩ። ከዚያ ሦስቱም እዚያው ቆመው ቀሩ። ለሞት ወሬ ሥርዓት አለው፤ መቼ እንደሚነገር፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን ከኋላ እንደሚቆም ይታወቃል። ፊቷን ለነጨች እናት ልጅሽ በሕይወት አለ ማለት ግን እንዴት እንደሚጀመር ማንም አያውቅም። አንዱ ሽማግሌ ሰው እስኪወጣ እንቆይ አሉ። ሌላው ትደነግጣለች፣ ቀስ በቀስ ይነገራት አሉ።

ወርቅአገኘሁ ያን ጊዜ ጮኸ። "አሁንም ልትቆዩ ነው?"

ቄስ ወልደአረጋይ ሄደው እህታቸው ፊት ምንጣፉ ላይ በጉልበታቸው ተቀመጡ።

"እናና።"

"አቤት ጋሼ።"

"ብርሃነ መስቀል አልሞተም። ተጎድቶ ነው እንጂ አልሞተም። ይጠራሻል።"

እልል ያለ ሰው አልነበረም። እትዬ እናናየሁም አልተደሰቱም፣ አላለቀሱም።

"መቼ ነው የጠራኝ?"

"ዛሬም ጠርቷል።"

"ከዚያ በፊትስ?"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። "ባለፈው ሐሙስ።"

እትዬ እናናየሁ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ማንም ዓይኑን አልሰጣቸውም። ተነሡ። "አስመራ ስንት ቀን ነው?" አሉ።

"ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው እትዬ" አለ ወርቅአገኘሁ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል" አሉ።

አውቶቡሱ ጠዋት ሄዷል። ከጣርማ በር ገብስ ጭኖ የመጣ መኪና ተገኘና እትዬ እናናየሁ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ቄስ ወልደአረጋይ አብሬ ልሂድ ብለው የመኪናውን በር ያዙ። እህታቸው የወንድማቸውን እጅ ከበሩ ላይ ቀስ ብለው አነሡትና በሩን ዘጉት። ወርቅአገኘሁ አብሯቸው ወረደ፤ ማታውን አዲስ አበባ አንድ ዘመዱ ቤት አሳደራቸው፣ ጠዋት ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሳቸው። ቦታ የተገኘው ለአንድ ሰው ብቻ ስለነበር ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ነው፤ የገዛሁትን ሱፍ ለማስፈተል ሄጄ፣ ደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠን። ቄስ ወልደአረጋይም እዚያው ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ያፍታታሉ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ቅዳሴ ገብተው አያውቁም። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት የደረሰበት አፌ ለመሥዋዕት አይሆንም ብለው አንኮበርን ትተው ከእህታቸው ጋር ይኖራሉ። አይናገሩም ማለት ይቻላል። ልክ እንደ ሥራ ባልደረባ ሱፉን እያፍታቱ ያቀብሏቸዋል፣ እሳቸውም ይፈትላሉ።

"መጀመሪያ በሚዛን መዘኑኝ" አሉ እትዬ እናናየሁ። "እንደ ሱፍ! ሰው መመዘኑን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ቆንጆ ልጅ መጥታ ከረሜላ ሰጠችኝ፣ ለጆሮዬም ጥጥ። ጥጡንስ ወሰድኩ። ከረሜላ ግን እንዴት ብዬ ልብላ? በመቀነቴ ቋጠርኩት።"

"ፈሩ?"

"ምኑን እፈራለሁ? የቀረኝ ምን ነበረና?" እንዝርታቸውን አሾሩ። "አጠገቤ አንድ ወታደር ተቀምጦ ነበር። ትንሽ እንደሄድን በመስኮት እያሳየ፣ እማማ፣ ይኸ ለሚ ነው አለኝ። ገደሉን አየሁት። እናቴ የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ከዛፉ ጋር የአውራ ጣቴን ጥፍር አክላ ታየችኝ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ስንገባ ጨልሞ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ አውሮፕላኑ እኔ ዳዊት እንኳ ሳልደግም መልሶ አለፈው። ያን ጊዜ ነው ወርቅአገኘሁ ያለው እውነት መሆኑ የገባኝ። ሐሙስ ቢነግሩኝ አርብ ብነሣ ቅዳሜ... ተወው።"

ቄስ ወልደአረጋይ ሱፉን እንደያዙ ማፍታታቱን አቆሙ።

"ከወዲያ በኩል አንዲት ወይዘሮ ነበረች" አሉ እትዬ እናናየሁ። "ፊቴ ተነጭቷል፣ ራሴ ተላጭቷል፣ ጥቁር ለብሻለሁ። ማን ሞተብዎ እናቴ አለችኝ። ልጄ ታሟል አልኳት። አየችኝና ዝም አለች። አወቅሁት የዝምታዋን ነገር። ይህች ምስኪን አልተነገራትም ማለቷ ነው። ከዚያ እኔም ራሴ ጠፋኝ። አልቅሼለታለሁ፣ ፍትሐት ተደርጎለታል፣ ድንኳኑ እንኳ ገና አልተነቀለም። ይጠራሻል ይሉኛል ደግሞ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ልጄ አለኝ ልበል የለኝም ልበል ሳላውቅ ተቀመጥኩ። የአውሮፕላኑን መውረድም ፈለግሁት፣ አለመውረዱንም ፈለግሁት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወረደ። ሰዓቱን አላጓደለም።"

ከዚህ በኋላ ያለውን ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቅ የለም። እትዬ እናናየሁ አስመራ ከወር በላይ ቆዩ። ሲመለሱ በአውሮፕላን አልነበረም፤ በጭነት መኪና በደሴ፣ በጣርማ በር በኩል መጡ። የልጃቸውን የሥራ ካፖርት ይዘው ነበር፣ ዘይቱ ሳይታጠብ። ሰው ሊያስተዛዝን ተሰብስቦ ቢጠይቃቸው "ተቀብሯል" ብቻ አሉ። ማን ቀበረው፣ መቼ ተቀበረ፣ አላሉም። ድንኳን እንደገና አልተተከለም፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሚለቀስ የሚያውቅ አልተገኘም። ገብረአብም ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። እነ ደመቀች በሕይወት ሳለ ደርሳበታለች፣ ዓይኑን የከደነችው እሷ ናት ይላሉ። ሌሎቹ የደረሰችው መቃብሩ ላይ ነው ይላሉ። አቶ ገብረ ጻድቅ ሲያጣጥሩ አስጠርተዋቸው ነበር። ሄዱ፣ ውኃ አጠጧቸው፣ እግዚአብሔር ይማርዎ አሏቸው። ስለዚያ ነገር ግን አንዲት ቃል አላነሡም ይባላል።

ያን ቀን ፀሐዩ ላይ ተቀምጠን፣ ከሰላምታ አልፌ የማላውቅ ሰው ይህን ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት እንዳገኘሁ አላውቅም። ምናልባት አውሮፕላኑን ያን ያህል ስለነገሩኝ ይሆናል። ምናልባትም ይህን ለመጻፍ አስቤ ስለነበር ነው።

"እትዬ እናናየሁ" አልኩ፣ "ሲደርሱ ብርሃነ መስቀል በሕይወት ነበር?"

ቄስ ወልደአረጋይ ቀና አሉ። እኔን አላዩኝም፤ እህታቸውን ነው ያዩት። ለዓመታት ሲጠብቁት የቆዩትን ነገር እኔ ድንገት አውጥቼ መሬት ላይ የጣልኩት መሰለኝ። አፋቸው ተከፍቶ ነበር።

እትዬ እናናየሁ እንዝርቱን አቆሙ። በወንድማቸው እጅ ያለውን የተፍታታ ሱፍ ተቀበሉ፣ ከክሩ ጫፍ ጋር አያያዙት፣ በጣታቸው አጠበቁት።

"ይህን ጋሼ እንኳ አልጠየቁኝም" አሉ። "አንተም አትጠይቀኝ።"